ከወለል በታች የሚተከል የአውቶፓይለት ገፊ፦ የእጅ መሪ ላላቸው ባለሸራ ጀልባዎች የአሠራር መመሪያ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ደቅ ወይም ወደ ቁንዝላ በሸራ የሚሄድ ሰው የመሪውን እጀታ ለሰዓታት ጨብጦ መቀመጥ ግድ ይሆንበታል። ሸራ ለማጥበቅ፣ ልብስ ለመደረብ፣ ውኃ ለመጠጣት እንኳ መሪውን የሚይዝለት ሁለተኛ ሰው ይፈልጋል። አውቶፓይለት የዚያን ሰው እጅ ይተካል። ዓይኑን አይተካም፤ ይህን መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ጀልባዎ ሙሉ ጭነት ይዞ ከ4 ወይም ከ5 ቶን የማይበልጥ ከሆነ ግን ይህን መመሪያ ማንበብ አያስፈልግዎትም። በመሪው እጀታ ላይ በቀጥታ የሚገጠመው ትንሹ አውቶፓይለት ይበቃዎታል፤ ዋጋው ቀላል ነው፣ በግማሽ ቀን ይተከላል፣ ሲበላሽም ነቅሎ ማስቀመጥ ይቻላል። ከዚያ በላይ ለከበደ ጀልባ ያ ዕቃ አቅሙ አይበቃም፤ ዝናብና ፀሐይም ይፈራረቁበታል፣ ተሳፋሪም ይረግጠዋል። ለእንዲህ ያለው ጀልባ ገፊው፣ ማለትም እየተዘረጋና እየተሰበሰበ መሪውን የሚያዞረው ባለሞተር በትር፣ ከወለል በታች ገብቶ የመሪውን ዘንግ ራሱን በክንድ ቢያዞረው ይሻላል። እንደ መኪና ክብ መሪ ላላቸው ጀልባዎች የተሠራ መሣሪያ ነው የሚል ሰው ያጋጥምዎታል፤ ገፊው ግን የሚያውቀው ዘንጉን ብቻ ነው፤ ዘንጉን ከላይ የሚያዞረው ክብ ይሁን እጀታ ለእርሱ ለውጥ የለውም።

ዕቃው ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ከማዘዝዎ በፊት ይለኩ። የጀልባውን ክብደት ሲያስቡ ባዶውን ሳይሆን ከነሰው፣ ከነነዳጅና ከነጭነቱ ይውሰዱ፤ በዚያ ላይ 20 በመቶ ጨምረው ያንን የሚችል ገፊ ይምረጡ። አቅሙ ልክ የሆነ ገፊ በረጋ ውኃ ይሠራል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣና ማዕበሉ ከኋላ ሲገፋ ግን ይንገዳገዳል። ሥራውን ራሱን በበጋ ይያዙት፤ ጀልባው ዳር ላይ ወጥቶ ደረቅ የሚቆምበት ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ዘንጉን ይፈልጉ

የእጅ ባትሪ ወስደው ወደ ኋላው ጓዳ ይግቡና የመሪውን ዘንግ ይመልከቱ። ከሦስት ነገሮች አንዱን ያገኛሉ።

ዘንጉ ከሚያልፍበት ቱቦ ወጥቶ ወለሉን እስኪነካ ድረስ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቁቱን ከታየ እድለኛ ነዎት፤ ክንዱ እዚያ ላይ ይታሰራል።

ቱቦው ከጀልባው ሆድ ተነሥቶ እስከ ላይኛው ወለል ድረስ ያለማቋረጥ ከሄደና ዘንጉ የትም ካልታየ ቱቦውን መቁረጥ ሊያስፈልግ ነው። የእጅ መሪ ያላቸው ብዙ ጀልባዎች እንዲህ ናቸው፤ ቱቦው ውኃው ወደ ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክል ግድግዳም ነውና በዘፈቀደ አይነካም። ጀልባው ሙሉ ጭነት ይዞ ወደ ጎን ሲጋደም ውኃው ቱቦው ውስጥ እስከ የት እንደሚደርስ ምልክት ያድርጉ። የሚቆረጠው ከዚያ ምልክት በደንብ ከፍ ብሎ ብቻ ነው። ቦታ ከሌለ ሐሳቡን ይተዉት። ቱቦው ከተቆረጠ በኋላ የታችኛው ጫፍ በማሸጊያ ወይም በጎማ ቡት ይዘጋል፤ የላይኛው ኩሽኔታ ደግሞ በወለሉ ላይ ብቻውን ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ከሥር በላሜራ ድጋፍ ይያዛል። ቱቦው ሙሉ ሳለ ሁለቱን ኩሽኔታዎች አስተባብሮ የያዘው እርሱ ነበር፤ ድጋፉን ዘንግተው ቢዘጉት ዘንጉ ሲሰቃይ ይኖራል።

መሪው ከጀልባው ውጭ በኋላ ግድግዳው ላይ በማጠፊያ የተንጠለጠለ ከሆነ ከወለል በታች ዘንግ የሚባል ነገር የለም። በዚህ ጊዜ ገፊው ጓዳው ውስጥ ተቀምጦ ግፊቱ በግድግዳው ቀዳዳ በኩል በሚወጣ በትር ወደ መሪው ይደርሳል፤ ቀዳዳው በጎማ ቡት ይሸፈናል። የሚሠራ መላ ነው፤ እኔ ግን ቀዳዳው ከውኃው ከፍ ብሎ በሚታይበት ጀልባ ላይ ካልሆነ አልመክረውም።

ክንዱና ስሌቱ

ገፊው ብዙውን ጊዜ 300 ሚሊ ሜትር ያህል ይዘረጋል። ክንዱ ማለትም ከዘንጉ መሐል ገፊው ከክንዱ ጋር እስከሚጋጠምበት ፒን መሐል ያለው ርቀት 250 ሚሊ ሜትር ቢሆንና መሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ 35 ዲግሪ ቢዞር የሚያስፈልገው ጠቅላላ ጉዞ 287 ሚሊ ሜትር ነው፤ በየጫፉ ከ6 ሚሊ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ትርፍ ይቀራል። ክንዱን 300 ቢያደርጉት ጉዞው 344 ይሆናል፤ ገፊው አይደርስም። 200 ቢያደርጉት ደግሞ ጉዞው ይበቃል፤ ነገር ግን ያንኑ መሪ ለማዞር ገፊው አንድ አራተኛ ተጨማሪ ጉልበት ማውጣት አለበት፤ ያም ጉልበት ሁሉ በፒኑና በብሎኖቹ ላይ ያርፋል። ስለዚህ አምራቹ የጻፈውን ርዝመት በአንድ ጣት እንኳ አይቀይሩ።

ክንዱን እዚሁ ባሕር ዳር ቶርኖና ፍሬዛ ባለው ሠራተኛ ማሠራት ይቻላል። ከወፍራም ብረት የተቆረጠ፣ ለሁለት የተከፈለ፣ ዘንጉን ከሁለት ወገን አቅፎ በአራት ብሎን የሚጠብቅ ይሁን። ባለሙያውን ሁለት ነገር አደራ ይበሉት። አንደኛ፣ ብሎኖቹ ጠብቀው ሲያልቁ በሁለቱ ግማሾች መካከል ስስ ክፍተት ይቅር፤ ፊትና ፊት ከተነካኩ ዘንጉን ሳይሆን እርስ በርሳቸው ነው የሚጨባበጡት። ሁለተኛ፣ ዘንጉ ድፍን ከሆነ እንዳይንሸራተት የቁልፍ ማስገቢያ ስንጥቅ ይውጣለት፤ ውስጡ ክፍት ቱቦ ከሆነ ግን ስንጥቅም ቀዳዳም አይወጣበትም፤ ይልቁን ጭብጡ ይርዘም። ዘንጉን ከዳር እስከ ዳር በትራፓኖ በስቶ ብሎን ማሳለፍ ፈጣን መላ ይመስላል። መሪው በጣም የሚጨነቅበትን ቦታ እየቀነሱ መሆንዎን ይወቁ።

ክንዱን በዘንጉ ላይ መበየድም አይገባም። ብየዳው የዘንጉን ብረት ያጠወልገዋል፤ መሪው መውጣት ያለበት ቀን ሲመጣም በግራይንደር መቁረጥ ሊኖርብዎ ነው።

የእንጨት ገፊ

እውነተኛውን ገፊ ይዞ ጠባብ ጓዳ ውስጥ ከመታገል በፊት በእንጨት ይሥሩት። ከአምራቹ ሥዕል ላይ የገፊውን የመካከል ርዝመት፣ ሙሉ ሲዘረጋና ሙሉ ሲሰበሰብ ያለውን ርዝመት ይውሰዱና ሦስት ቀጭን የባሕር ዛፍ ዱላዎች በዚያ ልክ ይቁረጡ። መሪውን መሐል ላይ አስረው የመካከሉን ዱላ በክንዱ ፒን ላይ ያድርጉ፤ ዱላውና ክንዱ ቀጥ ያለ ማዕዘን ማለትም 90 ዲግሪ መሥራት አለባቸው። የዱላው ሌላኛው ጫፍ ያረፈበት የገፊው እግር የሚተከልበት ቦታ ነው። ከዚያ ረጅሙንና አጭሩን ዱላ በተራ እያደረጉ መሪውን ወደ ሁለቱም ጫፍ ያዙሩ። ፒኑ በቅስት ስለሚሄድ ዱላው በየጫፉ ወደ ዘንጉ 45 ሚሊ ሜትር ያህል ይጠጋል፤ እዚያ መንገድ ላይ የነዳጅ ቱቦ፣ የፓምፕ ገመድ ወይም የጀልባው ጎድን ካለ አሁን ይታያል። ገፊው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ዘንበል ማለት የለበትም፤ ኳስ ያለው መጋጠሚያ ጥቂት ዲግሪ ይችላል እንጂ የአተካከል ስሕተት ማረሚያ አይደለም።

የገፊው እግር

ከሥራው ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ ሰው ሁሉ ገፊውን በሚያዝዘው ኮምፒውተር ላይ ሲጨነቅ የሚያልፈውም ይህንኑ ነው።

አንድ መካከለኛ ገፊ 300 ኪሎ ግራም ያህል ይገፋል፤ መልሶም ያንኑ ያህል ይስባል። ይህ ግፊትና ስበት በአንድ ጉዞ ብዙ ሺህ ጊዜ ይደጋገማል። እግሩ ያረፈበት ቦታ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢተጣጠፍ በ250 ሚሊ ሜትር ክንድ ላይ መሪው ከ1 ዲግሪ በላይ ሳይታዘዝ ይቀራል ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ያንን ሊያስተካክል ይገፋል፤ እግሩ ወደ ሌላው ወገን ይተጣጠፋል፤ እንደገና ይስባል፤ ሞተሩ ያለ ዕረፍት ያጉረመርማል፣ ባትሪው ያልቃል፣ ጀልባው ግን እንደ እባብ ይሄዳል። ባለቤቱም ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል ብሎ አዲስ ያዝዛል። በሬው የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን ቀንበሩ ከተሰነጠቀ እርሻ የለም።

በብረት ጀልባ ላይ እግሩ የሚያርፍበት 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ይሁንና ቢያንስ ከሁለት የጀልባው ጎድኖች ጋር ይያያዝ፤ ከሥሩ ሦስት ማዕዘን ድጋፎች ይግቡለት። ስስ አንጎላሬ ብቻውን አይበቃም፤ ርዝመቱ ላይ ይጣመማል። ከጎድን ነጥሎ በጀልባው ስስ ቆዳ ላይ ብቻ መበየድ ደግሞ ከጊዜ በኋላ ቆዳውን ይሰነጥቀዋል፤ ስንጥቁ የሚወጣው ከውኃው ጋር በሚነካካው ወገን መሆኑን አይርሱ። በፋይበርግላስ ጀልባ ላይ እግሩ በክፍልፋይ ግድግዳ ላይ ይታሰራል፤ ከግድግዳው ጀርባ ሰፊ የብረት ላሜራ፣ ትልልቅ ሮንዴላ፣ የማይፈታ ዳዶ። የእንጨት ቪዳ እዚህ ቦታ የለውም።

ከብየዳ በፊት፦ ባትሪዎቹን ከሁለቱም ጫፍ ይፍቱ፤ ኮምፒውተሩንና ሬዲዮኑን ከገመዳቸው ይነጥሉ፤ ገፊው ራሱ ከጀልባው ይውጣ። የብየዳው መሬት ገመድ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይያዝ፤ ራቅ ብሎ ከተያዘ ኤሌክትሪኩ በመሪው ኩሽኔታ በኩል ሊያልፍና ሊያበላሸው ይችላል። ጓዳው ውስጥ የነዳጅ ጄሪካን ከነበረ ማውጣት ብቻውን አይበቃም፤ ተናፍሶ ሽታው እስኪጠፋ ይጠብቁ፤ አንድ ሰው ከውጭ ውኃና እሳት ማጥፊያ ይዞ ይቁም። ብየዳው ሲቀዘቅዝ ቆዳውን ከውጭ በኩልም ይዩ፤ ቀለሙ የተቃጠለበት ቦታ ሁሉ ተፍቆ ፀረ ዝገት ይቀባል።

እግሩ ተተክሎ ገፊው ከታሰረ በኋላ ይህን ያድርጉ፦ አንድ ጎበዝ ሰው የመሪውን እጀታ በሙሉ ኃይሉ ወደ ግራና ቀኝ ይወዝውዝ፤ ገፊው ተቆልፎ ይያዝ፤ እርስዎ ደግሞ ጣትዎን በእግሩና በላሜራው መጋጠሚያ ላይ ያሳርፉ። ጣትዎ እንቅስቃሴ ከተሰማው ሥራው አላለቀም።

ማቆሚያ

የእጅ መሪ ያለው ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ ማቆሚያ የለውም፤ እጀታው ከመቀመጫው ጋር ተላትሞ ነው የሚቆመው። ሰው ሲያዞረው ይህ ችግር የለውም። ገፊው ሲያዞረው ግን ወይ መቀመጫው ይሰበራል፣ ወይ ገፊው በራሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ውስጡን ይመታል። ስለዚህ ከወለል በታች ክንዱን የሚያግዱ ሁለት ጠንካራ ማቆሚያዎች ይበየዱ ወይም በብሎን ይታሰሩ፤ ፊታቸው ወፍራም ጎማ ይልበስ። ገፊው ገና 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ክንዱ ማቆሚያውን መንካት አለበት።

መሪው ምን ያህል እንደዞረ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው የመሪ ሴንሰር ቀላል ሥራ ነው። የሴንሰሩ ክንድና የመሪው ክንድ ጎን ለጎን እኩል ይሁኑ፣ የሚያገናኛቸው በትርም ሁለቱንም በቀጥታ ማዕዘን ይያዝ፤ መሪው መሐል ሲሆን ሴንሰሩም መሐል ይሁን። ከዚያ በላይ አይራቀቁበት።

ኤሌክትሪክ

ገፊው በ12 ቮልት ሲሠራ በረጋ ውኃ በአማካይ 2 ወይም 3 አምፒር ይበላል፤ መሪው ሲከብደው ግን 15 ሊደርስ ይችላል። ገመድ የሚመረጠው በአማካዩ ሳይሆን በዚህ ከፍተኛው ነው። ባትሪው ከገፊው 5 ሜትር ቢርቅ ኤሌክትሪኩ ሄዶ ሲመለስ 10 ሜትር መዳብ ይጓዛል። በ6 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ 0.44 ቮልት ያህል በመንገድ ይጠፋል፤ በ10 ካሬ ሚሊ ሜትር ደግሞ 0.26 ያህል። እኔ 10ሩን እመርጣለሁ። ቮልት ሲወርድ ኮምፒውተሩ ራሱን የሚያጠፋው ሁልጊዜ ማዕበሉ በበረታ ሰዓት ነው፤ ምክንያቱም ገፊው ብዙ የሚጠጣው ያኔ ነው።

ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይቀመጥ፤ ባትሪውና ፊውዙ መካከል ያለው ገመድ ጥበቃ የለውምና አጭር ይሁን። ለብረት ጀልባ አንድ ጥብቅ ነገር አለ፤ ጀልባውን እንደ መኪና ቻሲ ለኔጌቲቭ መመለሻ አይጠቀሙበት። ሁለቱም ገመድ ከባትሪ ሄዶ ባትሪ ይመለስ፤ አለበለዚያ ብረቱ ቀስ በቀስ ይበላል። ጣና ጨዋማ ስላልሆነ መበላቱ እንደ ባሕር አይፈጥንም እንጂ አይቀርም፤ በጨው አልባ ውኃ ለመከላከያ የሚታሰረውም ዚንክ ሳይሆን ማግኒዚየም ነው።

8 ሰዓት በ2.5 አምፒር 20 አምፒር ሰዓት ነው። የባሕር ዳር ፀሐይ ላይ አንድ ባለ 100 ዋት የሶላር ሰሌዳ በበጋ ቀን ይህን ይመልሳል። በክረምት አይተማመኑበት።

ኮምፓሱ

የአቅጣጫ ሴንሰሩ ከብረት፣ ከሞተር፣ ከድምፅ ማጉያና ከወፍራም ገመድ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። በፋይበርግላስ ጀልባ ላይ ጓዳ ውስጥ ግድግዳ ላይ ይበቃዋል። በብረት ጀልባ ውስጥ ግን ይህ የማይሆን ነገር ነው፤ ሴንሰሩን ከወለሉ ወደ ላይ በአሉሚኒየም ምሰሶ ላይ ይስቀሉት፤ ሁለት ሜትር ከፍታ ጥሩ ነው። በአጠገቡ የሚያልፉ የባትሪ ገመዶች ሁሉ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ እርስ በርስ ይጠማዘዙ፤ የአንዱ መግነጢስ የሌላውን ያጠፋል።

በዚህ ረገድ አገራችን ታድላለች። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ ጣናም ከእርሱ ሩቅ አይደለም። ስለዚህ የምድሩ መግነጢስ እዚህ ወደ መሬት አይጎትትም፤ ጠፍጣፋ ሆኖ ወደ ሰሜን ይተኛል። በሰሜን አውሮፓ ጀልባ በተጋደመ ቁጥር ኮምፓስን የሚያስተው ችግር እዚህ ትንሽ ነው። ከእውነተኛው ሰሜን ያለው ልዩነትም ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው።

ቆሞ መፈተሽ

ጀልባው ታስሮ ሳለ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ፦

1. ኤሌክትሪኩን ከመክፈትዎ በፊት እጀታውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅ ያዙሩ። የገፊው ፍሪሲዮን ስለተለቀቀ ጥቂት ይከብዳል እንጂ መያዝ የለበትም።
2. ከፍተው ወደ ቀኝ የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ። የመሪው ቅጠል ጀልባውን ወደ ቀኝ የሚወስድ መሆኑን ከኋላ ሄደው በዓይንዎ ይዩ፤ እጀታው በተቃራኒው ወደ ግራ መሄዱ አያሳስትዎ። ከተገለበጠ የሞተሩን ሁለት ገመዶች ያቀያይሩ።
3. የመሪ ሴንሰሩ በስክሪኑ ላይ የሚያሳየው ወገን ከእውነተኛው ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ።
4. የማጥፊያውን ቁልፍ መሪው ዘንድ ከተቀመጡበት ሳይነሡ ይጫኑት። እጅ የማይደርስበት ቦታ ከሆነ ይቀየር።

እጀታው አውቶፓይለቱ ሲሠራ በራሱ ይወዛወዛል፤ የተሳፋሪ ጉልበትና የሕፃን ጭንቅላት ከመንገዱ ይራቅ። ወደ ላይ የሚታጠፍ እጀታ ካለዎት አጥፈው ያቁሙት፤ በድንገት መያዝ ሊያስፈልግ ስለሚችል ግን ነቅለው አያስቀምጡት።

ሐይቁ ላይ

ጠዋት፣ ነፋሱ ሳይነሣ ይውጡ። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ አቅጣጫ፣ ክብራን ገብርኤልንና እንጦስን አልፈው ክፍት ውኃ ላይ ሲደርሱ መጀመሪያ ኮምፓሱን ያስተካክሉ፤ በሞተር፣ በጣም ቀስ ብለው፣ አንዱን ክብ በ2 ወይም በ3 ደቂቃ እየዞሩ ኮምፒውተሩ በቃኝ እስኪል ድረስ። ከዚያ በታወቀ ምልክት ላይ አቅንተው ስክሪኑን ከእጅ ኮምፓስ ወይም ከጂፒኤስ ጋር ያስማሙ።

ሸራውን ከፍተው አውቶፓይለቱን ያስገቡና የኋላውን የውኃ ፈለግ ይመልከቱ። ፈለጉ ቶሎ ቶሎ ግራና ቀኝ ከተጣመመ የመሪው ምላሽ በዝቷል፤ ይቀንሱት። ጀልባው ሩቅ ከተንሸራተተ በኋላ ተጎትቶ የሚመለስ ከሆነ አንሷል፤ ይጨምሩ። በየለውጡ ጥቂት ደቂቃ ይስጡት። ገፊው ያለ ዕረፍት ከሠራ ቁጥሮቹን ከመነካካትዎ በፊት ሸራውን ይዩ፤ ዋናው ሸራ ከመጠን በላይ ተከፍቶ ወይም ጠብቆ ጀልባው ወደ ነፋሱ እየተጎተተ ሊሆን ይችላል። መሪው ለእጅዎ ከከበደ ለገፊውም ከብዷል።

ነፋሱ ከኋላ በቀጥታ ሲመጣ አውቶፓይለትን አላምነውም። ማዕበል ጀልባውን ትንሽ ቢያዞረው ሸራው ከአንድ ጎን ወደ ሌላው በኃይል ሊገለበጥ ይችላል፤ ነፋሱን በትከሻ በኩል አድርገው ይሂዱ ወይም እጀታውን ራስዎ ይያዙ።

ዓይን ያልኩትም እዚህ ላይ ነው። የደንገል ታንኳ ከውኃው ብዙ ከፍ አይልም፤ ማታ መብራት አይኖረውም፤ ራዳር ቢኖርዎትም ብረት ስላልሆነ ማየቱ አያስተማምንም። የዓሣ አስጋሪ መረብም እንዲሁ። እምቦጭ ነፋስ ወደ ወሰደው ይሄዳል፤ ትናንት ያልነበረበት ቦታ ዛሬ ምንጣፍ ሆኖ ይገኛል፤ መሪው ላይ ሲጠመጠም ገፊው እስኪቃጠል ይታገላል። በግልገል ዓባይ መግቢያ አካባቢ ደግሞ ደለሉ ውኃውን አሳንሶታል። ስለዚህ ከዳር፣ ከደሴቶች አጠገብና ታንኳ በሚበዛበት ሰዓት አውቶፓይለቱ ይጥፋ፤ በክፍት ውኃም ቢሆን ወለል ላይ የሚጠብቅ ሰው ሳይኖር አይሂዱ።

ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በኋላ የክንዱንና የእግሩን ብሎኖች ሁሉ ዳግም ያጥብቁ፤ አዲስ ብሎን ቦታውን ሲይዝ ይላላል። ከዚያ በኋላ በየወሩ ገፊውን ሳይከፍቱ ክንዱን ጨብጠው ይወዝውዙት፤ ፒኑ ላይ ጫጫታ ከሰሙ ይቀይሩት። ትርፍ ፒንና መቆለፊያው ግራሶ ተቀብተው ጓዳው ውስጥ ይቀመጡ።